ስቶክሃውዘንን በአንድ ዓረፍተ ነገር አትቅበሩት!

የካርልሃይንዝ ስቶክሃውዘን ስም በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «ያ የኒውዮርኩን እልቂት የጥበብ ሥራ ነው ያለው ጀርመናዊ?» አዎ፣ እሱ ነው። ግን እሱ ይህ ብቻ ነው እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴፕቴምበር 16 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግ ላይ ከጋዜጠኞች ጋር ተቀምጦ ስለ ኦፔራው ገጸ ባሕርያት፣ ስለ ሚካኤል፣ ሔዋንና ሉሲፈር ሲያወራ ጥቃቱ ተነሳ። እሱም ከጥበብ ሥራዎች ሁሉ ታላቁ ነው አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ! አስከሬን ከፍርስራሽ ሥር ተለቅሞ ሳያልቅ እንዲህ ማለት ነውር ነው፤ እኛም አናስተባብልለትም። ነገር ግን እዚያው ቁጭ ብሎ፣ ሟቾቹ ፈቅደው አልገቡበትምና ወንጀል ነው ብሎም ነበር። በኋላም የሉሲፈርን ሥራ ማለቴ ነው ሲል አስረዳ። ማን ሰምቶት! ዓለምን የዞረው የፊተኛው ግማሽ ነው። የሃምቡርግ ኮንሰርቶቹም ተሰረዙ።

ጋዜጠኝነት ተምረናልና ይህችን መቀስ በደንብ እናውቃታለን። ርዕስ ታሳምራለች፤ ሰው ግን ትቆርጣለች።

የተቆረጠው ሰው ማን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1928 ተወለደ። የአእምሮ ሕመምተኛ እናቱን ናዚዎች በ1941 ገደሉበት። አባቱ ከጦርነቱ አልተመለሰም። እሱ ራሱ በ16 ዓመቱ ቁስለኛ ይሸከም ነበር። ሞትን ከጋዜጣ አልተማረም!

በ1956 ደግሞ ኮሎኝ በሚገኘው የሬዲዮ ጣቢያ ስቱዲዮ የአንድ ልጅ ድምፅን ከኤሌክትሮኒክስ ድምፅ ጋር አዋሕዶ «የወጣቶቹ መዝሙር»ን ሠራ። ወጣቶቹ እነማን መሰሏችሁ? እቶን እሳት ውስጥ ተጥለው ያመሰገኑት ሠለስቱ ደቂቅ ናቸው! ከዚያም «ግሩፐን»ን ለሦስት ኦርኬስትራ ጻፈ፤ አድማጩ መሐል ይቀመጣል፣ ሙዚቃው ይከበዋል። «ሊሽት» (ብርሃን ማለት ነው) የተባለው፣ ለሰባቱ የሳምንቱ ቀናት ሰባት ኦፔራ የያዘው ሥራው፣ ከ1977 እስከ 2003 ፈጅቶበታል። ርዝመቱ 29 ሰዓት ያህል ነው።

«ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይደለም» የሚሉ አሉ። ይበሉ! እነሱ ቢያንስ ሰምተውታል። የእኛ ጠብ ሳይሰሙ ከሚፈርዱት ጋር ነው። ሰውየው በ2007 ሞቷል፤ ራሱን አይከላከልም። የ29 ሰዓት ሥራ ትቶ ያለፈን ሰው በአንዲት ዓረፍተ ነገር መቅበር ፍርድ አይደለም፣ ስንፍና ነው። መጀመሪያ ስሙት። ከዚያ ከጠላችሁት፣ በሙዚቃው ጥሉት!