ለትንሽ መኪናም መለዋወጫ ይገባታል

በሬዲዮ ሞገድ ከርቀት የምትነዳ ትንሽ መኪና በብዙ ሰዎች ዘንድ እንደ ተራ የልጅ መጫወቻ ትቆጠራለች። ይሁን እንጂ ሞተሯና ጥርሳ ጥርሷ ገና ለዓመታት ሊያገለግሉ የሚችሉ መኪና፣ ስፖኪዮዋ ስለ ተሰበረ ወይም ፓራውልቷ ስለ ተሰነጠቀ ብቻ ከመደርደሪያ ላይ ተሰቅላ አቧራ ስትጠጣ ይታያል። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ አስተያየት እንዲህ የሚል ነው፤ መኪናዪቱን ሠርቶ የሸጠ አምራች የቦዲዋን መለዋወጫ፣ ይህም ባይሆንለት የመለዋወጫውን ንድፍ፣ ለባለቤቷ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

በመጀመሪያ የችግሩን ምንጭ እንመልከት። የእነዚህ መኪኖች ቦዲ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው፣ ስስ የፖሊካርቦኔት ንጣፍ በሙቀት ከለሰለሰ በኋላ በቅርጽ ማውጫ ላይ በአየር ተስቦ የሚቀረጽ ነው። ይህ ዓይነቱ ቦዲ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የሚቀባው ከውስጥ በኩል ነው፤ ሲመታም ይተጣጠፋል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ሁለተኛው፣ የቀለጠ ፕላስቲክ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በግፊት ተጨምሮ የሚሠራ ነው። መልኩ እውነተኛውን መኪና በእጅጉ ይመስላል፤ ነገር ግን ደረቅ በመሆኑ ቀጫጭን ክፍሎቹ ቶሎ ይሰበራሉ። እነዚህም ክፍሎች ብዙውን ጊዜ በአንድ የፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተያይዘው ስለሚወጡ፣ አንዲት ስፖኪዮ የጠፋችበት ሰው ሙሉውን ፍሬም ለመግዛት ይገደዳል።

«የሌላ መኪና ቦዲ ለምን አይገጠምም?» ትሉ ይሆናል። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ኤም» ለሚባሉት ትናንሽ ሻንሲዎቹ ብቻ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል 210፣ 225 እና 239 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት ርቀቶች አሉት። ከእነዚህ እጅግ በሚያንሱት የኪዮሾ «ሚኒ ዚ» መኪኖች ላይ ደግሞ ርቀቱ በአንዱ 94፣ በሌላው 98 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ መጠን ላይ የአራት ሚሊ ሜትር ልዩነት ጎማውን ከፓራፋንጎው ጋር ለማፋተግ ይበቃል። ስለዚህ የአንዱ ለሌላው ላይሆን ይችላል፤ የተሰበረውን በእርግጠኝነት የሚተካው የራሱ ነው።

በእርግጥ አምራቾችም የሚያቀርቡት ምክንያት አለ። የቅርጽ ማውጫ ማስቀመጥ ቦታና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቦዲው የእውነተኛ መኪና አምሳያ ሲሆንም የመኪናው ባለቤት ኩባንያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሆኖም ታሚያ በ1984 እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣትን «ሆርኔት» በ2004፣ «ግራስሆፐርን» ደግሞ በ2005 እንደገና ለገበያ አቅርቧል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሙሉ መኪና እንደገና መሥራት ከተቻለ፣ ስፖኪዮና ፓራውልት ማቅረብ አይቻልም ማለት አያስኬድም። የፈቃዱም ጉዳይ ቢሆን፣ አስቀድሞ በፈቃድ የተሸጠን ዕቃ መጠገን አዲስ አምሳያ ሠርቶ እንደ መሸጥ ሊቆጠር አይገባውም።

ማምረቱ አክሳሪ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ንድፉን መስጠት ኪሳራ የለውም። ዛሬ ንድፍ ያለው ሰው ትንሽ ክፍል በሦስት አውታር ማተሚያ ሊያወጣ ይችላል። የኤውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው የጥገና መብት መመሪያ፣ እንደ ልብስ ማጠቢያና ማቀዝቀዣ ላሉ የተዘረዘሩ ዕቃዎች፣ ደንቡን ያሟላ በዚህ ማተሚያ የተሠራ መለዋወጫ ለጥገና እንዳይውል አምራቾች እንዳያደናቅፉ ይከለክላል። የመጫወቻ መኪና ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ለማጠቢያው የታሰበው ፍትሕ ለእርሷ የማይደርስበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ስል ባለቤቱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት የቦዲው ክፍሎች ለብቻቸው ይሸጡ እንደሆነ ጠይቁ፤ የሞዴሉን ቁጥር መዝግቡ፤ የጎማዎቹን ርቀት፣ የቦዲውን ስፋትና የምሰሶዎቹን ቦታ ለክታችሁ ያዙ። ቶሎ የሚሰበረውን ክፍል ገና ገበያ ላይ ሳለ ገዝታችሁ አስቀምጡ። የተሰነጠቀ ፖሊካርቦኔት ቢሆን ከውስጥ በኩል በመረብ ጨርቅና በሚለጠጥ ሙጫ ሊጠገን ስለሚችል ለመጣል አትቸኩሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ነገሩ ከመጫወቻ በላይ ነው። በትንሽ መኪና ላይ መፍታትን፣ መለካትንና መጠገንን የተማረ ወጣት ነገ በትልቁ መኪና ላይ እጁ አይፈራም። የተሰበረ ሁሉ ይጣላል ብሎ ያደገ ወጣት ግን ዕቃን መግዛት እንጂ ማወቅን አይማርም። ስለዚህ አምራቹ መለዋወጫውን ወይም ንድፉን ያቅርብ፤ ገዢውም ይህን የማያቀርብለትን አምራች ዕቃ ከመግዛት ይቆጠብ። መለዋወጫ የሌለው ዕቃ የተሸጠው በግማሹ ብቻ ነው።