ፎቶ ያልመሰለ ፎቶ

ሥዕል ስናደንቅ የምንለው ይታወቃል፤ «ፎቶ ይመስላል!» ሠዓሊው የሽማግሌውን የግንባር መስመር አንድ በአንድ ከለቀመ፣ የጋቢውን ጥለት ካልሳተ፣ ጎበዝ ነው። ፎቶግራፍ ላይ ስንደርስ ግን ዳኝነቱ ይገለበጣል። የፎቶ አንሺዋን የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች በስልኬ ያሳየሁት አንድ ወዳጄ ጥቂት አገላበጠና «ይሄማ ፎቶ አይደለም፣ ሥዕል ነው» አለኝ። ማድነቁ አልነበረም።

ያሳየሁት «ዋተር ላይፍ» የተሰኘውን ተከታታይ ሥራዋን ነው። ዋተርኤይድ የተባለው የተራድኦ ድርጅት ጋብዟት እ.ኤ.አ. በ2018 ዳሎል ድረስ ወርዳ ያነሳችው ነው። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ጨውና ድኝ መሬቱን ቢጫና አረንጓዴ ያደረጉት ቦታ ነው። ከዚያው አቅራቢያ አፋሮች አሞሌ ጠርበው በግመል ይጭናሉ። አይዳ እዚህ ሐሩር ውስጥ ሴቶችን አቁማ አነሳች። ልብሳቸው ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ነው፣ ፊታቸው ቀለም ተቀብቷል፣ አቋማቸው እንደ ሐውልት ቀጥ ያለ ነው። ጀሪካኑም አለ። የተሰነጣጠቀ ከንፈር፣ ዝንብ የወረረው ሕፃን፣ የተዘረጋ እጅ ግን የለም።

ወዳጄ አልተዋጠለትም። «ውሃ የጠማው ሰው እንዲህ ይዘንጣል?»

ጥያቄው እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። ችግርን አሳምሮ ማቅረብ ችግሩን ያቀልለዋል የሚል ክርክር በፎቶ ሰዎች ዘንድ የቆየ ነው፣ እውነትም አለበት። እኔም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ከሰጡት መካከል የልብስ ኩባንያው የኤች ኤንድ ኤም ፋውንዴሽን ይገኝበታል። የልብስ ኢንዱስትሪ ደግሞ ከጥጥ እርሻው እስከ ማቅለሚያው ድረስ ውሃ የሚጨርስ ነው። ይህን ሳላነሳ ባልፍ ሆዴ አይረካም። ግን ይህ ጥያቄ የሚቀርበው ለከፋዩ ነው፤ ምስሉን ሐሰት አያደርገውም።

ሌላኛውን ዓይነት ፎቶ ደግሞ እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ስለ ረሃቡ የቀረጸው ፊልም በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም ደነገጠ፣ እርዳታ ጎረፈ፣ ሕይወት ተረፈ። ያንን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ይሁንና ካሜራው ከእነዚያ ሰዎች የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መከራቸውን። ስማቸውን፣ ሙያቸውን፣ ከዚያ በፊት ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ውጭ አገር የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አገሩን ሲናገር የሚጠብቀውን የሐዘኔታ ፊት ያውቀዋል። አይዳ በየመን፣ በቆጵሮስና በካናዳ ያደገች፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ወጥታ ዋሽንግተን ፖስት ላይ በፎቶ ጋዜጠኝነት የሠራች ናት። የዜና ፎቶን ከውስጥ ታውቀዋለች። ወደ ምናብ የገባችው የዜናውን ሙያ ሠርታ ካየችው በኋላ መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ምስሎቹ ላይ ያለችው ሴት አትለምንም። ታያለች። ጀሪካኑ እንደ ጌጥም እንደ እስራትም ሆኖ አብሯት ይቆማል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ የምንኖር ሰዎች ጀሪካን ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም። ተሸክሞ የሚሄደው ማን እንደሆነም እንዲሁ። የዜና ፎቶ ድካሟን ያሳየናል፤ ይህኛው ከድካሟ ሌላ ማን እንደሆነች ያስጠይቀናል። ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነበር፣ ግማሹን ሰማኝ።

ምናብ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚለውን ግን ጨርሶ አልቀበልም። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሣሉት አባቶች መቼ ነው «ፎቶ የመሰለ» ነገር የፈለጉት? አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በስድስት ክንፍና በአንድ እግር አቆሟቸው። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ሣሉ። ቀዩን ቀይ፣ ቢጫውን ቢጫ አደረጉት፣ ጥላ ማጥላት አላስጨነቃቸውም። ገበሬው ተሳልሞ ሲወጣ «ክንፍ ያለው ሰው የት ታየ?» ብሎ አልተከራከረም። የአይዳን ቀዮችና ሰማያዊዎች፣ እነዚያን ትልልቅ ዓይኖች ሳይ የሚታወሰኝ ያ ግድግዳ ነው። ፎቶ መምሰል መለኪያ የሆነው በኋላ ነው።

«ፎቶ የመሰለ» ነገር የማይፈልገው ሌላው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገኘውን የተበላሸ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የኪቦርድ ቁልፍና ባለቀለም ሽቦ እየጎነጎነና እየቸነከረ ትልልቅ ገበታዎች ይሠራል። ራቅ ብለህ ስታየው ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል፣ ቀርበህ ስታየው ማን እንደጣለው የማይታወቅ የሬድዮ ሆድ ዕቃ ነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ ያቆመው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው የዞማ ሙዚየም ደግሞ ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ያላያችሁ ሂዱ፣ ልጆች ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን አሁን የሚያናድደኝ የአይዳ ሥራ ቅጂ ነው። ፊት ነጭ ቀብቶ፣ ቀይ ጨርቅ አልብሶ፣ ጀበና አስይዞ ኢንስታግራም ላይ መለጠፍ ሙያ ሆኗል። የሞዴሏ ፊት ተቀብቷል፣ ለምን እንደተቀባ ግን ፎቶ አንሺውም አያውቅም። አይዳ ራሷም አንዳንዴ ራሷን ስትደግም አያታለሁ፤ ያው ቀይ፣ ያው አቋም። ዳሎል ላይ ግን ቦታው ራሱ ይታገላታል። ጨውና ሙቀቱ ስቱዲዮ ውስጥ እንደተሰቀለ መጋረጃ እሺ አይልም፣ ሥራውም የሚጠነክረው ለዚህ ይመስለኛል።

«ዋተር ላይፍ» እ.ኤ.አ. በ2019 ለንደን ሰመርሴት ሃውስ ታየ። በ2023 ደግሞ ሌላ ተከታታይ ሥራዋ በኒውዮርክ፣ በቦስተን፣ በቺካጎና በአቢጃን የአውቶቡስ ፌርማታዎች ላይ ተሰቀለ፤ ርዕሱ ከሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ግጥም የተወሰደ ነው። የቺካጎ ሰው በጸጋዬ ርዕስ ሥር አውቶቡስ ሲጠብቅ ሰነበተ። እዚህ አዲስ አበባ እኔ ፌርማታ ላይ የማየው የባንክና የሪል ስቴት ማስታወቂያ ነው። አይዳ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ብዙ የአፍሪካ ፎቶ አንሺዎችን ወደዚህ ከተማ አምጥቷል፣ ግን ወደ ኤግዚቢሽን አዳራሽ የሚገባው አስቀድሞ የወደደ ሰው ነው። ከተማው ለአንድ ወር ከማስታወቂያ ሰሌዳዎቹ ጥቂቱን ለፎቶ አንሺዎቻችን ቢለቅ ምን ይጎድልበታል? ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ግማሽ ሰዓት አለው። በጋለሪ ውስጥ አንድ ምስል ፊት ግማሽ ሰዓት የሚቆም ማን አለ?