ነጭ ግድግዳና የእናቶቻችን እጅ

በመዝከረት ባትያና በረሖቦት አካባቢ ወደ ብዙ የወገኖቻችን ቤቶች ገብቶ ቡና የጠጣ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ግድግዳው ነጭ ነው። ሶፋው ከሱቅ በታሽሉሚም ተገዝቶ ገና ተከፍሎ አላለቀም። ቪትሪናው ውስጥ የብርጭቆ ስኒዎችና የልጁ የጦር ሠራዊት ፎቶግራፍ ተደርድረዋል። እናቲቱ በስንደዶና በአለላ የሰፋችው ሰፌድ ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ከቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ሞሰቡም ሰርግ ወይም ሲግድ ካልመጣ አይወርድም። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ከግድግዳው መለየት የማይቻልበት ቤት በዝቷል፣ ይህም ሊያሳስበን ይገባል።

እንዴት እዚህ ደረስን? እንደሚታወቀው በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ የመጡትም ሆኑ፣ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡት ከ14,000 በላይ ወገኖች መጀመሪያ የገቡት የራሳቸው ባልሆነ ቤት ነው። መርከዝ ክሊታው፣ ሆቴሉ፣ ቀጥሎም ካራቫኑ። ከዚሁ ብዙም በማይርቀው በሑልዳ፣ በኢየሩሳሌምም በጊቭዓት ሀማቶስ በካራቫን የኖረ ሰው የካራቫን ግድግዳ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ሚስማር እንኳ በደንብ አይዝም፤ በክረምት ይቀዘቅዛል፣ በበጋ ይግላል፣ ነገ ትወጣላችሁ ስለሚባልም ማንም አያስጌጠውም። በ1993 ልዩ ማሽካንታ ተፈቅዶ ቤተሰቦች ወደ ቋሚ ቤት መግባት ሲጀምሩ ያ ልማድ አብሮ ገባ። ካብላኑ ነጭ ቀብቶ ቁልፍ ሰጠ፣ እኛም ነጩን እንደ ሕግ ተቀበልነው።

እናቶቻችን ግን ግድግዳን እንዲህ አድርገው አያውቁም ነበር። በጎንደር ገጠር ቤት ሲሠራ ወንዶቹ እንጨቱን ያቆማሉ፣ ይማግራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው የሴቶች እጅ ነበር። አፈሩ ተመርጦ፣ የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ በእግር ተረግጦ፣ ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል። ያልቦካ ጭቃ ይሰነጠቃል፤ ይህን ማንም ከመጽሐፍ አላስተማራቸውም። የመጀመሪያው ምርግ ሻካራ ሆኖ ይደርቃል፣ ሁለተኛው ቀጭን ሆኖ ይለሰናል፣ የመጨረሻው በእበትና በደቀቀ አፈር ይለቀለቃል። አመድ የጨመረችበት ግድግዳዋ ደብዘዝ ይላል፣ ቀይ አፈር ያገኘች ታቀላዋለች። መደቡም ጎታውም ከዚያው ጭቃ ይወጣ ነበር። ጎረቤት የእከሊትን ልስን ከእከሊት ልስን በዓይኑ ይለይ ነበር። በእኔ አስተያየት ዛሬ በመጽሔት ላይ የግል ስልት እየተባለ የሚጻፍለት ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

በሸክላውም ያው ነው። በጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደር ሴቶች በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ነበሩ። ሸክላው ሳይተኮስ በፊት በለስላሳ ድንጋይ እየታሸ እንዲያበራ ይደረጋል። ያቺን ድንጋይ አስታውሱልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ መዝከረት ባትያ እንምጣ። ይህች ሞሻቫ በ1883 ዔቅሮን ተብላ የተመሠረተችው ዛሬ ቤላሩስ በሚባለው አገር ከነበረችው ከፓቭሎቭካ መንደር በመጡ ጥቂት ገበሬዎች ነው። ባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሽልድ ረዳቸው፤ በ1887ም ስሟ በእናቱ ስም መዝከረት ባትያ ተባለ። ዛሬ በዋናው መንገድ ላይ የእነዚያ ገበሬዎች ቤቶች ታድሰው ይታያሉ፣ ሙዚየምም አለ። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት እየተወሰዱ ይጎበኙታል። ይህን በቅንነት አደንቃለሁ። ድሃ ገበሬ የኖረበት ቤት፣ የታረሰበት መሣሪያ፣ የተበላበት ሳህን ክብር አግኝቷልና። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፤ የፓቭሎቭካ ገበሬ ግድግዳ ቅርስ ከተባለ፣ የአምቦበርና የወለቃ ገበሬ ግድግዳ ስለ ምን «ጎጆ» ተብሎ ብቻ ይታለፋል? ይህን ጥያቄ ለመንግሥት ከማቅረባችን በፊት ለራሳችን ሳሎን እናቅርበው። ልጅ ጓደኞቹ ሊመጡ ሲሉ «እማዬ፣ ይህን ሰፌድ አውርጂው» ሲል፣ እናቲቱም ዝም ብላ ስታወርድ፣ ያን ያዘዘ ሚኒስትር የለም።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይከራከሩኛል። አንደኛው «የመጣነው እንደ አገሩ ልንኖር ነው፣ ጭቃ ጭቃ የሚሸት ቤት አልፈልግም» ይላል። ይህን ሰው እረዳዋለሁ። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ጢሱንም፣ ቁንጫውንም፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚወድቀውን ምርግም ያስታውሳል። ሁለተኛው ደግሞ ሁሉን ነገር አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀብቶ፣ ለቱሪስት የተሠራ ጋሻና ጦር ሰቅሎ ባህሌን አሳየሁ ይላል። ይህ ደግሞ ሱቅ እንጂ ቤት አይመስለኝም፤ አያቱ እንዲህ ያለ ቤት አይታ አታውቅም። በሁለቱ መካከል ሰፊ ቦታ አለ።

ከሌሎች እንማር ብንል ምሳሌ አይጠፋም። በሐረር ከተማ በባህላዊው ቤት ውስጥ መቀመጫው በደረጃ ደረጃ ከፍ ያለ መደብ ነው፤ መደቡ ቀይ ይቀባል፣ ይህም በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ነጩ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሰፌዱና ሳህኑ በሥርዓት ተሰቅሎ ይታያል። ሰፌድ እዚያ ዕቃ ብቻ አይደለም፣ ጌጥም ነው፤ ሴቲቱ የምትከበረውም በእሱ ነው። ከሞሮኮ የመጡት ጎረቤቶቻችን አገር ደግሞ ታደላክት የሚባል የኖራ ልስን አለ። ኖራው ሳይደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ በጥቁር ሳሙናም ይወለወላል፣ ውኃም አያስገባም። ዛሬ በቴል አቪቭ ሀብታሞች ለመታጠቢያ ቤታቸው ብዙ ገንዘብ ከፍለው ያሠሩታል። ድንጋይዋን አያችኋት? የወለቃ ሸክላ ሠሪ ስታሽበት የኖረችው ዓይነት ናት።

ታዲያ ምን እናድርግ ለሚል ቤተሰብ የምመክረው አንድ ግድግዳ ብቻ እንዲመርጥ ነው። ሳሎኑን በሙሉ አይንኩ። በመጀመሪያ ግማሽ ሜትር በሚያህል ሰሌዳ ላይ ሞክሩና ከሳምንት በኋላ በቀንም በመብራትም እዩት፤ እርጥቡ ቀለም የደረቀውን አይመስልም። ለጭቃ ልስን አንድ እጅ ሸክላ አፈር፣ ሁለት ወይም ሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ፣ የደቀቀ ጭድም ይገባበታል፤ ከተሰነጠቀ አሸዋውን ጨምሩ፣ ሲነኩት ከረገፈ አፈሩን ጨምሩ። በፕላስቲክ ቀለም ወይም በአሮጌ ሽፕሪጽ ላይ ጭቃ አይይዝም፤ ቀለሙ መፋቅ፣ ግድግዳውም መሻከር አለበት። እበቱን ግን ተዉት፣ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤትና ቫዓድ ባይቱ አይስማሙም። ኖራ ለሚመርጥ፣ በውኃ አቅጥኖ በብዙ ስስ ቅብ መቀባት ነው፤ የቀይና የቢጫ አፈር ቀለም ይቀበላል፣ ቀለሙ ግን ከኖራው ክብደት ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይሻላል። ኖራ ዓይንና እጅ ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር ሳይደረግ አይነካ፣ ልጆችም ይራቁ። ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ ሁለት ተቀራራቢ ቀለም ከሱቅ ገዝቶ አንዱን በሌላው ላይ በስፖንጅ እየነካኩ መቀባት ይቻላል፣ ከሶፋው ታሽሉሚምም ይረክሳል። ከዚያ ሰፌዱን ከላስቲኩ አውጥታችሁ እዚያው ስቀሉት።

ማማዱን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተሠሩት ብዙ ቤቶች ይህ የተጠናከረ ክፍል አለ፣ ጦርነቱ ከጀመረበት ከጥቅምት 2023 ወዲህም ስንት ሌሊት በውስጡ እንዳሳለፍን ሁሉም ያውቃል። በማማድ ግድግዳ ላይ ወፍራም ልስንም ሴራሚክም አይለጠፍ፤ ፍንዳታ ሲያናውጠው ተሰብሮ ይፈነጠራል። ሸክላም ከአልጋ በላይ አይሰቀል። እዚያ ስስ ቀለምና ጨርቅ ይበቃል።

ሌላው እርጥበት ነው። ጥቁር ሻጋታ ያለበትን ግድግዳ በሚያምር ቀለም መሸፈን በሽታን መደበቅ ነው፤ መጀመሪያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ። በኪራይ የምትኖሩ በ2017 የወጣውን የኪራይ ሕግ እወቁ፤ አከራዩ ብልሽትን ከተነገረው በ30 ቀን ውስጥ፣ አስቸኳይ ሲሆን በ3 ቀን ውስጥ እንዲጠግን ያስገድደዋል። ጥያቄውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አድርጉት፣ ፎቶግራፉም ይቀመጥ። ግድግዳው የእናንተ ካልሆነም ሳትለስኑ በፊት አከራዩን በጽሑፍ አስፈቅዱ።

የመጨረሻው ነገር ለማትናሶች ነው። የቀለምና የልስን ኮርስ ሲከፈት አስተማሪ ከሩቅ ይመጣል፣ ይከፈለዋልም። በየሰፈራችን ጭቃ ሲቦካና ሳይቦካ በሽታው የሚለዩ፣ በእጃቸው ጎታ ያቆሙ እናቶች ግን ለክብረ በዓል ቡና አፍልተው እንዲቀመጡ ብቻ ይጠራሉ። እነዚህ እናቶች በስማቸው፣ ከልጅ ልጅ አስተርጓሚ ጋር፣ በሰዓት ተከፍሏቸው እንዲያስተምሩ እንጠይቅ። ብዙዎቹ አርጅተዋል። ጥያቄው ከሚመጣው በጀት በፊት በአማርኛና በዕብራይስጥ ተጽፎ ይቅረብ፣ የሚፈርሙ ቤተሰቦችም ከየሕንፃው ይሰብሰቡ።