በዓሉ የጠፋበት ዋዜማ

በአሜሪካ አገር በመኪና የሚጎተት ቤት ያላቸው ሰዎች፥ የኦክቶበር ወር ሊያልቅ ሲል ቅዳሜና እሑድን መርጠው ወደ ጫካና ወደ ሐይቅ ዳር በመውጣት በአንድነት የሚሰፍሩበት ልማድ አለ። ይህም ሃሎዊን ስለሚባለው ሌሊት የሚደረግ ነው። ተጎታች ቤታቸውን በተርታ ያቆማሉ፤ በየደጃፉ ውስጡ የተፈለፈለ ዱባ እንደ ፋኖስ ያበራሉ፤ ከፕላስቲክ የተሠራ ዐፅምና የመቃብር ድንጋይ ይተክላሉ፤ ልጆቻቸውም የጠንቋይ፥ የሙታንና የአውሬ መልክ ለብሰው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይቀበላሉ። ደጃፉን አብልጦ ላስጌጠ ሽልማት ይሰጠዋል፤ ማታም ኹሉም ያመጣውን ምግብ በአንድ ገበታ አቅርቦ ይበላል። እሑድ ረፋድ ላይ ግን እያንዳንዱ ቤቱን ከመኪናው ጋራ አያይዞ ወደመጣበት ይመለሳል።

በዚያ አገር የሚኖሩ የወገኖቻችን ልጆች ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋራ ወደዚህ ሰፈር ለመሄድ ሲለምኑ፥ በወላጆች መካከል ኹለት ዐይነት ቃል ይሰማል። አንደኛው ወገን፥ ይህ የሰይጣን አምልኮ ነው፥ የሄደም ኹሉ ለአጋንንት ሠዋ ይላል። ኹለተኛው ወገን፥ ይህ የልጅ ጨዋታ ብቻ ነው፥ ምን ይጎዳል ይላል። እኛ ግን ኹለቱም ነገሩን ሳይመረምሩ ፈረዱ እንላለን።

አስቀድመን ለፊተኞቹ እንመልስ። ሐሰት ሃይማኖትን አይጠብቅም። ለሰው ልጅ ደጁን ከፍቶ ከረሜላ የሚያድለውን ጎረቤት ለአጋንንት ሠዋ ማለት፥ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከር ነው፤ ይህም ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱን ማፍረስ ነው። ልጁም ዐይን አለው፤ የጓደኛው እናት ደግ ሴት እንደ ኾነች ያውቃል። አባቱ በዚህ ነገር እንደ ዋሸው ባወቀ ጊዜ፥ ስለ ሥላሴና ስለ ቅዱስ ቍርባን የነገረውንም መጠራጠር ይጀምራል። እንዲህ ያለ አባት ልጁን ከአንድ ሌሊት ጨዋታ አዳነው፤ ከሃይማኖቱ ግን በገዛ እጁ አወጣው።

ደግሞም በድንኳን ወይም በሚሽከረከር ቤት መስፈር በራሱ ነውር የለበትም። እስራኤል በበዓለ መጸለት ሰባት ቀን በዳስ እንዲቀመጡ ታዘው ነበር። የእኛም ሕዝብ ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱን ተከትሎ ወርዶ በውሃ ዳር ያድራል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሚጠሩበት ደብተራ የሚለው ስም ራሱ በግእዝ ድንኳን ማለት ነው። የአሜሪካም ሰዎች ልማድ የቈየ ነው፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1919 ዓመት በፍሎሪዳ፥ በታምፓ ከተማ፥ ቲን ካን ቱሪስትስ የሚባለው የመንገደኞች ማኅበር ተቋቋመ። ኤርስትሪም የተባለውን ብርማ ተጎታች ቤት የሠራው ዋሊ ባያም ባስነሣው ጉዞም፥ ከ1959 እስከ 1960 ዓመት ከ40 የማያንሱ ተጎታች ቤቶች ከኬፕ ታውን ተነሥተው ወደ ካይሮ ሲጓዙ ኢትዮጵያን አቋርጠዋል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መንገደኞቹን ተቀብለው አነጋግረዋቸዋል። እንግዲህ ይህ ቤት ለአገራችን እንግዳ ነበር እንጂ ጠላት አልነበረም። ቤተ ሰብን ከከተማ ጫጫታ አውጥቶ በአንድ ገበታ የሚያስቀምጥ ነገር መልካም ነው።

ታዲያ ነውሩ ከወዴት ነው? ከስሙ እንጀምር። ሃሎዊን ማለት በቀድሞው እንግሊዝኛ የቅዱሳን ዋዜማ ማለት ነው። የሮማ ፓፓ ሣልሳዊ ጎርጎርዮስ በ8ኛው መቶ ዓመት በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱሳን ኹሉ መታሰቢያ የሚኾን የጸሎት ቤት ባርኮ ነበር፤ በ9ኛውም መቶ ዓመት በራብዓዊ ጎርጎርዮስ ዘመን ኖቬምበር 1 ቀን የሚከበረው በዓል በምዕራብ አገር ተስፋፋ። ዋዜማውም ኦክቶበር 31 ቀን ማታ ኾነ። በአየርላንድና በስኮትላንድ ብርድ ሲገባ ይደረግ የነበረው የጥንት ሰዎች ልማድ ከዋዜማው ጋራ ተቀላቀለ። በ1840ዎቹ በረኃብ ምክንያት ከአየርላንድ የተሰደዱት ብዙ ሰዎችም ልማዱን ወደ አሜሪካ ይዘውት ገቡ፤ በአገራቸው ሥራ ሥር ፈልፍለው ያበሩ የነበሩት፥ በዚያ በዱባ ለወጡት።

ካቶሊኮችና ሌሎችም ክርስቲያኖች በዓሉን እስከ ዛሬ ያከብራሉ። በሰፈሩ ግን ዋዜማው ቀርቶ በዓሉ ጠፍቷል። እሑድ ጧት የቅዱሳን ስም የሚጠራ የለም፤ ቤቱ ተጠቅልሎ ይሄዳል። ብዙዎቹ የሰፈሩ ባለቤቶችም ሌሊቱን ከቀኑ አላቅቀው፥ ገበያ ስለ ደራላቸው በወሩ ውስጥ በየሳምንቱ ይደጋግሙታል። በዓል የማይከተለው ዋዜማ፥ ደጀ ሰላሙ ቆሞ ቤተ መቅደሱ እንደሌለ ደብር ነው።

አኹን ለኋለኞቹ እንመልስ። ጨዋታ ብቻ ነው ማለት የጨዋታን ኀይል አለማወቅ ነው። ልጅ የሚማረው በጨዋታ ነው። የእኛ ልጆች በቡሄ ዋዜማ ጅራፍ አጩኸው፥ ችቦ አብርተው፥ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ዘምረው ሙልሙል ይቀበላሉ፤ ነሐሴ 13 ቀን በዓለ ደብረ ታቦር ስለሚከተል፥ ጅራፉም ችቦውም ሙልሙሉም ትርጓሜ አላቸው። በዚያኛው ሰፈር ግን ሌሊቱ የቅዱሳን ኾኖ ሳለ በደጃፉ አንድ ቅዱስ የለም፤ ያለው ዐፅም ብቻ ነው። እኛ የቅዱሳንን ዐፅም የምናከብረው ለትንሣኤ ስለሚጠበቅ ነው። ከትንሣኤ የተለየ ዐፅም ግን ወይ ያስፈራል ወይ ያስቃል፤ ተስፋን አይሰጥም። በዚያው ዓመት አያቱ የሞተችበት ሕፃን በፕላስቲኩ መቃብር አጠገብ ሲያልፍ ምን ብለን እንነግረዋለን? ቤተ ክርስቲያን በአርባ ቀንዋ ስሟን በጸሎት ትጠራለች፤ በተዝካሯም ድኻ ይበላል። ሕፃኑ ይህን ሳያይ ያንን ካየ፥ አያቱ መቀለጃ ኾና ቀረች።

ይህን ካልን፥ ወደ ራሳችን ደግሞ እንመለስ። ኦክቶበር 31 ቀን በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 21 ቀን፥ የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ነው። ወራቱም ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን የሚቈየው ዘመነ ጽጌ ነው፤ በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ሊቃውንቱ በማኅሌተ ጽጌ ቆመው ያድራሉ፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷና በበረሓ መንከራተቷም ይታሰባል። እንግዲህ ባለ ተጎታቹ ሰው ቤቱን አስከትሎ ለዕረፍት በሚወጣበት በዚያው ሌሊት፥ እኛ ማደሪያ ያጣችውን እናት እናስባለን። ወላጆቹ አገራቸውን ትተው በሰው አገር ከሚኖሩበት ልጅ ይልቅ ይህን ታሪክ ማን ያስተውለው ነበር?

ነገር ግን ልጁ በዚያ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ቢመጣ እንኳ፥ የሚዜመውን ሳንተረጕምለት ከግድግዳ ተደግፎ እንዲያንቀላፋ እንተወዋለን። ከዚያ በኋላ ወደ ሰፈሩ አትሂድ እንለዋለን። ከልክሎ ባዶ መተው ክፉ ነው፤ ተጠርጎ ባዶ ወደ ቀረ ቤት የወጣው ባልንጀሮቹን ይዞ ይመለሳል። በአገራችንም በከተራ ለጩኸቱ ብቻ ወጥቶ፥ በጥምቀት ሌሊት ቅዳሴው ሳይገባ የሚበተን ወጣት አለና፥ ዋዜማን ከበዓል የመለየት በሽታ የሩቅ አገር ሰዎች በሽታ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ በአሜሪካ ያላችሁ ካህናትና ወላጆች ሆይ፥ በዚያው ሳምንት እናንተም ውጡ። ዐቅም ያለው ተጎታች ቤቱን፥ የሌለው ድንኳኑን ይያዝ። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነውና፥ የሚጾመው እንዳይቸገር ኹሉም የጾም ምግብ ይዞ በአንድ ገበታ ያቅርብ። ችቦ ይብራ፥ ልጆቹም ከድንኳን ወደ ድንኳን እየዞሩ ዘምረው ሙልሙል ይቀበሉ። መምህሩም ከማኅሌቱ ጥቂቱን ያዚም፥ ያዜመውንም ልጆቹ በሚሰሙት ቋንቋ ይተርጕም። የሞቱት ዘመዶቻቸው በስም ይታሰቡ። እሑድ ጧት ቅዳሴው ሳይፈጸም አንድ ቤት እንኳ ከመኪና ጋራ አይያያዝ። ጎረቤት በራሱ ሰፈር ሲጋብዛችሁም አትስደቡት፤ አመስግኑት፥ የሌሊቱም ስም የቅዱሳን ዋዜማ ማለት እንደ ኾነ በትሕትና ንገሩት።

የዚያ ሰፈር ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሏል። እኛ ወርቁን ይዘናል፤ ለልጆቻችን ግን ሰሙን መሥራት ታክቶናል። ሰም ያልተሠራለት ወርቅ መልክ አይይዝምና፥ ሌላው ቀድሞ በራሱ መልክ ሳይቀርጻቸው እንነሣ።