በጭድ ውስጥ የተቆለፈ ምግብ

መኸሩ ገብቶ ካበቃ በኋላ በአውድማ ዳር የሚከመረው የጤፍ ጭድ ለምርጊት ይቦካል፤ የቀረው ለከብት ይሰጣል። ከዚህ ጭድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሴሉሎስና ሄሚሴሉሎስ የሚባሉ፣ ከስኳር የተገመዱ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ታዲያ ይህን ሁሉ ሀብት የሚያመነዥከው በሬ በበጋው ከስቶ፣ ለእርሻ በሚፈለግበት ወራት ቀንበር መሸከም የሚሳነው ስለ ምንድን ነው?

ምክንያቱ ሊግኒን ነው። ሊግኒን ተክሉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ጠንካራ ነገር ሲሆን፣ ምርጊት ማገሩን ሸፍኖ እንደሚይዝ ሁሉ እርሱም ሴሉሎሱን ዙሪያውን ይይዘዋል። ይህን ለማፍረስ ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ በበሬው ጨጓራ ግን ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መኖ ባጠረባት ጀርመን ኤርነስት ቤክማን የተባለው ኬሚስት ገለባን በኮስቲክ ሶዳ ዘፈዘፈ። ገለባው ላላ፤ ይሁን እንጂ ሶዳው በብዙ ውሃ መታጠብ ስለነበረበት ከምግቡም ከፊሉ አብሮ ታጠበ፤ እጣቢውም ወንዝ በከለ። ውሃ በእንስራ ከሩቅ ለሚቀዳበት መንደር ይህ አይሆንም።

እንጨት አበስባሽ የሆኑ አንዳንድ ፈንገሶች ግን ሊግኒንን በኢንዛይም ያፈርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 ተመራማሪዎች ከእነዚህ ኢንዛይሞች አንዱን ለይተው አሳወቁ። ለፋብሪካ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ለገበሬው ግን ገና ሩቅ ነው። ፈንገሱን ራሱን በጭዱ ላይ ማብቀልም ይቻላል፤ ነገር ግን ፈንገሱ ከስኳሩም ድርሻውን ይበላል።

በእኔ አስተያየት ዛሬ ሊስፋፋ የሚገባው የዩሪያ ዘዴ ነው። 4 ኪሎ ግራም ያህል ዩሪያ በውሃ ተሟሙቶ በ100 ኪሎ ግራም ጭድ ላይ ይረጭና አየር እንዳይገባው ተሸፍኖ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። በእርጥቡ ጭድ ላይ ያሉ ደቂቅ ዘአካላት በራሳቸው ኢንዛይም ዩሪያውን ወደ አሞንያ ይለውጡታል። አሞንያው ሊግኒንን አያስወግድም፤ ከሄሚሴሉሎስ ጋር ያለውን ትስስር ግን ያላላል፤ ጭዱም ናይትሮጅን ይጨመርለታል።

ለማሳ ያልበቃ ማዳበሪያ ለጭድ አይባክን የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም፤ ዩሪያ ውድ ነው። ነገር ግን ማዳበሪያ የተበተነበትን ማሳ የሚያርሰው ያው የከሳው በሬ መሆኑን አብረው ሊያስቡ ይገባል። እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፦ በደንብ ያልሟሟ ወይም ከልኩ ያለፈ ዩሪያ ከብት ይገድላል። ስለዚህ በየቀበሌው የመጀመሪያው ክምር ሲረጭም ሆነ ሲከፈት የግብርና ባለሙያው ከገበሬው ጎን መቆም አለበት።