የአዲስ አበባ ውሃ በማን እጅ ነው?

ስለ አዲስ አበባ ውሃ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ግድብና ስለ ጉድጓድ ነው። ለገዳዲ ስንት ደረሰ፣ ድሬ ሞላ ወይስ ጎደለ፣ ገፈርሳስ፣ አቃቂ ላይ ስንት ጉድጓድ ተጨመረ። ሪባን የሚቆረጠው እዚያ ነው፤ ካሜራውም የሚሄደው ወደዚያው ነው። ከግድብ የወጣው ውሃ ግን ሰፈር ገብቶ ጄሪካን እስኪሞላ ድረስ የሚያልፈው በአንድ ሰው እጅ ነው። ይህ ሰው መሐንዲስ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከቴክኒክና ሙያ የወጣ፣ አለበለዚያም በቀን ሠራተኝነት ቁፋሮ የጀመረ፣ ቦት ጫማ ያደረገ ወጣት ነው። በመሥሪያ ቤቱ መዋቅር የመጨረሻው እርከን ላይ ይገኛል። ቤተሰቡ "ውሃ ልማት ገባ" ብሎ ደስ ብሎታል፤ ጎረቤት ግን ቆፋሪ መሆኑን ያውቃል።

እጁ ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት ፈረቃውን ማሰብ ይበቃል። "ሰኞና ሐሙስ ይመጣል" የሚባለው ውሃ በራሱ አይመጣም። አንድ ሰው በሌሊት ወይም በማለዳ ሄዶ መንገድ ላይ ያለውን የቫልቭ ክዳን ያነሳል፣ ረጅሙን ቁልፍ ሰክቶ ያዞራል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ለቀናት ባዶውን የከረመ መስመር ውሃ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅበት፣ ውሃው ከፊቱ ያለውን አየር እየገፋ ሄዶ ቧንቧውን ይመታዋል። ያረጀ መስመር ይህን ምት አይችልም፤ ይፈነዳል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ዙሩን እየቆጠረ ጥቂት ይከፍታል፣ አየሩ እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ ከዚያ ይጨምራል። አዲሱ ግን ከፀሐይ መውጣት በፊት የሚከፍታቸው ሌሎች ቫልቮች ስላሉበት ይቸኩላል። ቀስ በል ያለው ሰው ከሌለ ደግሞ ለምን ቀስ እንደሚባልም አያውቅም። በማግስቱ ሌላ ቡድን ዶማና አካፋ ይዞ የፈነዳውን ሊቆፍር ይወጣል። የተበጠሰው መስመር በዘገባ ላይ "በእርጅና ምክንያት" ተብሎ ይሞላል። እርጅናውም እውነት ነው፤ ግማሹ ግን የእጅ ጉዳይ ነው።

ከተማዋም ለጀማሪ የምትራራ አይደለችም። ከእንጦጦ እግር እስከ አቃቂ ያለው ተዳፋት፣ ላይ ያለው ቤት ውሃ እንዳያገኝ፣ ታች ያለው መስመር ደግሞ በግፊት ብዛት እንዲሰቃይ ያደርጋል። ቦሌና አቃቂ አካባቢ ያለው መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በውስጡ የተቀበረውን ቧንቧም አብሮ ያንገላታዋል። ይህ ሁሉ በሥልጠና ክፍል ውስጥ በአንድ ሳምንት አይለመድም። የሚለመደው ከሽማግሌው ሠራተኛ ኋላ እየተከተሉ፣ ያውም ለዓመታት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ መሥራት ይጠቅማል። ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ፣ የምስማር ቀዳዳ ማለት ናት፣ ጥሩ ግፊት ባለው መስመር ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 10 ሺህ ሊትር ውሃ ታፈሳለች። 500 ጄሪካን መሆኑ ነው። ይህ ከአንዲት ቀዳዳ፣ በአንድ ቀን ነው። እንዲህ ዓይነቷ ቀዳዳ አስፋልት አታነሳም፣ መንገድ አታጥለቀልቅም፣ ማንም ስልክ ደውሎ አያመለክታትም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? የሚያገኛት ሰው ካለ፣ ያለ ዝናብ የረጠበ አጥር ሥር ወይም በበጋ የለመለመ ሣር አይቶ "እዚህ ነገር አለ" የሚል ቆጣሪ አንባቢ ወይም የመስመር ሠራተኛ ነው። በየወሩ በየደጁ የሚዞረው እሱ ነዋ። ታዲያ ይህን ሰው መሥሪያ ቤቶች የሚመዝኑት በምንድነው? በቀን ስንት ቆጣሪ አነበበ በሚል ነው። የፍሳሽ ጥቆማው በሥራ ምዘናው ውስጥ ቦታ ከሌለው፣ ቆሞ ሣር የሚያይ ሠራተኛ ኮታውን ያላሟላ ሰነፍ ይሆናል።

ስለ ቆጣሪ አንባቢው ይህን ያህል ከተነሳ፣ ከሕዝብ ጋር ያለው ጠብም መነገር አለበት። "ቆጣሪ!" ብሎ በሩን ያንኳኳል። አንዱ ቤት ሰው የለም፣ ሌላው ቤት ውሻው አልታሰረም፣ ሦስተኛው ቤት ቆጣሪው ላይ አሸዋ ተከምሮበታል። ቁጥር ማስገባት ግን ግዴታ ስለሆነ በግምት ይሞላል። በወር 10 ሜትር ኩብ የሚጠቀም ቤት ለሦስት ወር አራት አራት ተብሎ ቢሞላለት፣ በአራተኛው ወር እውነተኛው ንባብ ሲመጣ 28 ሜትር ኩብ ይወርድበታል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚጨምር ነው። እናም ቤቱ ያልተጠቀመበትን ከፍተኛ እርከን ይከፍላል። በሚቀጥለው ወር ደጁን ሲያንኳኳ የሚጠብቀው እርግማን ነው። አንዲት እናት "ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ይህን ያህል ውሃ ምን ላደርገው ብዬ?" ሲሉት "እማማ፣ ቅርንጫፍ ሄደው ያመልክቱ" ከማለት ሌላ የሚሰጠው መልስ የለውም። ደረሰኙን የማስተካከል ሥልጣን ለእሱ አልተሰጠም፤ ስድቡን የመቀበል ግን ተሰጥቶታል።

መቼም እዚህ ጋ ሲደረስ "የሻይ" የሚል ቃል መነሳቱ አይቀርም። ሻይ ካልተባለ መስመር የማይቀጥል፣ ቆጣሪ የማያስተካክል፣ ሕገወጥ ቅጥያ አይቶ የሚያልፍ ሠራተኛ አለ ወይ? አለ። ይህን መካድ አንባቢን መናቅ ነው። ጉቦውን ሁሉ የደመወዝ ማነስ ወለደው ማለትም ልክ አይደለም፤ በዚያው ደመወዝ አሥር ዓመት ንጹሕ ሆነው የሠሩ ሰዎች አሉና። ነገር ግን አንድ ወጣት በጊዜያዊ ቅጥር፣ ነገ ይኑር አይኑር ሳያውቅ፣ ብቻውን በየግቢው እየገባ የሚሠራበት አሠራር ማንን እንደሚያስቀር ማሰብ ያስፈልጋል። ሙያውን የለመደው ወደ ግል ኮንትራክተር፣ ወደ ሆቴልና ወደ ሪል እስቴት ጥገና ይሄዳል፤ ጥሩ ቧንቧ ሠራተኛ ሥራ አያጣም። የሚቀረው አንድም ለሥራው ፍቅር ያለው፣ አንድም መሄጃ የሌለው፣ አንድም የሻይዋን መንገድ ያወቀ ነው። የቅጥር ሥርዓቱ በእነዚህ በሦስቱ መካከል ልዩነት ካላደረገ፣ ሦስተኛው እየበዛ ቢሄድ የሚገርመው ማን ነው?

ሻይ ማስቆም ግን የቁጥጥር ጉዳይ ነው። የሰው ሕይወት የሚባለው ከዚህ ይከብዳል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር አንድ ቶን ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ እርጥብ ሲሆን ይብሳል። ሁለት ሜትር በተቆፈረ፣ ጎኑ ባልተደገፈ ጉድጓድ ውስጥ አጎንብሶ ቧንቧ የሚያስር ሰው ይህ ሁሉ ከራሱ በላይ ተንጠልጥሏል። የፍሳሽ ማንሆሉ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። እዚያ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ያስመስላል። ጀማሪው "ሽታው ቀነሰ" ብሎ ይወርዳል። ሲወድቅ ጓደኛው ሊያወጣው ዘሎ ይገባል፤ በዓለም ዙሪያ በማንሆል አደጋ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ይኸው ነው፣ አንዱን ሊያድን የገባው ሁለተኛው አብሮ ይቀራል። የጋዝ መለኪያ፣ ገመድና ከላይ የሚጠብቅ ሰው ለአንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ከአንድ ፓምፕ ጥገና አይበልጡም። ጓንትና ቦት ጫማ በሰዓቱ መታደሉ እንኳ እንደ ውለታ የሚቆጠርበት ቦታ ግን ስለ ጋዝ መለኪያ ማውራት ቅንጦት ይመስላል።

ሌላም ብዙ ያልተባለለት ነገር አለ። የከተማዋ የውሃ መስመር ካርታ የለም ማለት አይደለም፤ አለ። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ባለው መስመርና መሬት ውስጥ ባለው መስመር መካከል የአምሳ ዓመት ጥገና፣ ቅጥያና ማዞሪያ አለ። ይህን ልዩነት የያዘው የሽማግሌዎቹ የመስመር ሠራተኞች ጭንቅላት ነው። እነሱ ደግሞ የሚያስታውሱት በምልክት ነው፤ "ከዳቦ ቤቱ ጥግ ሦስት እርምጃ"፣ "ከትልቁ ዋርካ ወደ ታች"፣ "ከድሮው ቀበሌ በር ፊት ለፊት"። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ፒያሳም ካዛንቺስም ሲፈርሱ፣ ዳቦ ቤቱም የቀበሌው በርም አብረው ሄዱ። ምልክቱ ጠፋ፤ ቧንቧው ግን ብዙ ቦታ እዚያው ከመሬት በታች ነው። ኤክስካቫተሩ ሲያገኘው ነው ሰፈሩ ሁሉ መኖሩን የሚያውቀው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጡረታ በወጣ ቁጥር የሚጠፋው የሥራ መደብ ብቻ አይደለም። የአንድ ሰፈር የመሬት ውስጥ ካርታ አብሮ ይወጣል፤ ከኋላው የሚከተለው ልጅ በየስድስት ወሩ ስለሚቀያየርም የሚረከበው የለም።

"ይህ ሁሉ በዘመናዊ ቆጣሪ ይቀረፋል" የሚሉ አሉ። ከርቀት የሚነበብ ቆጣሪ ሲገባ በግምት መሙላትም፣ የበር ላይ ጠብም፣ የሻይዋም ነገር በእርግጥ ይቀንሳል፤ ይምጣ። ቆጣሪው የሚናገረው ግን ቤት ስለገባው ውሃ ነው፤ ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ስለቀረው ለብቻው የሚለው የለም። በፈረቃ የሚሠራ መስመር ላይ ደግሞ ውሃው ከመምጣቱ በፊት የሚነፍሰው አየር ቆጣሪ ሊያዞር እንደሚችል፣ ባዶ መስመርም በስንጥቁ በኩል አጠገቡ ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ሊስብ እንደሚችል ልብ ይሏል። ውሃው ሲመጣ ቡናማ ሆኖ የሚወርደው የመጀመሪያ ባልዲ ዝገት ብቻ ላይሆን ይችላል። መስመሩን ነቅሎ፣ አጥቦ፣ ክሎሪን አድርጎ መመለስ አሁንም የሰው እጅ ይፈልጋል። ዕቃው በዶላር ይገዛል። እጁ ግን አይገዛም፣ ይኮተኮታል።

ኩትኮታው ደግሞ ከባድ በጀት አይጠይቅም። ጀማሪ ሁሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከአንድ ነባር ሠራተኛ ጋር ይጣመር፤ ነባሩም ላስተማረበት ይከፈለው። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት የመስመር ሠራተኞች ከአንድ ስልክ ከያዘ ልጅ ጋር ሰፈራቸውን በእግር ይዙሩ፤ "እዚህ ቫልቭ አለ፣ ተቀብሯል" ያሉትን ሁሉ ልጁ ቦታውን እየመዘገበ ይያዝ። ቆጣሪ አንባቢው ላገኛት ለእያንዳንዷ የተረጋገጠች ፍሳሽ ነጥብም ገንዘብም ይሰጠው፤ 500 ጄሪካን በቀን ያዳነ ሰው ከዚያ ላይ ጥቂት ብር ቢያገኝ ከተማዋ አትከስርም። መንገድ የሚቆፍር ማንኛውም ኮንትራክተር ዶማ ከመንሳቱ በፊት የሰፈሩ የመስመር ሠራተኛ ቦታው ላይ ቆሞ ይፈርምለት። የጋዝ መለኪያ በሌለበት ማንሆል ውስጥ "አልወርድም" ያለ ጀማሪ ደግሞ እንደ እምቢተኛ እንዳይቆጠር በጽሑፍ ይደንገግለት፤ ያ ወረቀትም ከክዳን ማንሻው ጋር በየቡድኑ መኪና ውስጥ ይቀመጥ።