ለታማሚው ብቻ የተለየ ገበታ ለምን?



በካዛንቺስም ሆነ በሌሎቹ የቂርቆስ ሰፈሮች «ስኳር አለብዎት» የሚለው ቃል ወደ አንድ ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ የምናየው ተመሳሳይ ነገር ነው። አባት ከጋራው ትሪ ይገለሉና ለብቻቸው ሳህን ይቀርብላቸዋል። ልጆች ለስላሳ ሲጠጡ እሳቸው ይመለከታሉ። ጥቂት ሳምንታት እንዲህ ይቆይና «አንድ ቀን ምን አለበት?» ተብሎ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። እኛ ግን መለወጥ ያለበት የጋራው ገበታ ነው እንላለን። ለስኳር ታማሚ የሚስማማው ምግብ ለጤነኛውም ይበጃልና።

እንጀራ አይከለከልም፤ መጠኑ ይቀነሳል። ጤፍም ቢሆን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የምግቡን ግማሽ ጎመን፣ ፎሶሊያና ሰላጣ፣ ሩቡን ምስር፣ እንቁላል ወይም ሥጋ፣ ቀሪውን ሩብ እንጀራ ማድረግ ጥሩ ልክ ነው። ሻይ ያለ ስኳር ይለመዳል። ማርና ተምር የተባረኩ ምግቦች ቢሆኑም የደም ስኳርን ከፍ ማድረጋቸው አይቀርም። አብሽም በሐኪም የታዘዘውን መድኃኒት አይተካም።

ቤተሰቡ ሊያውቀው የሚገባው ሌላው ነገር የስኳር መውረድ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ምግብ ካሳለፈ ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብና ግራ መጋባት ነው። ያን ጊዜ «ጂን ነው» እያሉ ጊዜ ማጥፋት፣ ወይም «ስኳር ለሱ መርዝ ነው» ብሎ ማመንታት ነፍስ ያስከፍላል። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት ነው። ካልተሻለው ይደገምለታል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡት በጎኑ አስተኝቶ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል።

ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚቀንስ ቁስል ሳይታወቅ ይብሳል። በቀን 5 ጊዜ የምንሰግድ ሰዎች ግን መልካም አጋጣሚ አለን። ውዱእ ሲደረግ እግርን መመልከት፣ በጣቶች መካከል ያለውንም እርጥበት ማድረቅ ነው። ዓይናቸው ለደከመ እናት ልጅ ያይላቸው።

ረመዷን ሳይገባ ከ1 ወይም 2 ወር በፊት ሐኪም ማማከር የግድ ነው። መድኃኒቱና ሰዓቱ የሚስተካከለው በሐኪም እንጂ በራስ ፈቃድ አይደለም። በጾም ላይ እያሉ ስኳሩ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ማፍጠር ይገባል። ጣትን ወግቶ መለካት ጾምን እንደማያበላሽ ዑለማእ ገልጸዋል። ለታመመ ሰው አላህ በሱረቱል በቀራ የፈቀደው ምሕረት አለ። ስለ ቀዷና ፊድያ ዓሊምን መጠየቅ ነው። በ«ሰው ምን ይለኛል» ራስን ለአደጋ መጣል ጾም አያሰኝም።

በመጨረሻም፣ በ2017 ዓ.ም ከካዛንቺስ ተነስተው ገላን ጉራ የገቡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ቀድሞ በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ክትትል የነበራችሁ፣ መንገዱ ራቀ ብላችሁ አታቋርጡ። የማዛወሪያ ወረቀት ተቀብላችሁ በአቅራቢያችሁ ቀጥሉ። ስኳር ሳያሳምም ዓይንንና ኩላሊትን የሚጎዳ በሽታ ነውና «ደህና ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

አላህ ለታመሙት ዓፊያ፣ ለአስታማሚዎች ሶብር ይስጥልን። ወሰላም።